የአርብ ውጤት

ማክሰኞ ነበር፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃምሳ። ልጅቷ ሰዓቱን እስከ ዛሬ አልረሳችውም፤ አዲስ ሥራ የምትጀምርበት ቀን ስለነበረ ዓይኗ ከእጅ ሰዓቷ አልተነቀለም። ከአውቶቡስ ወርዳ ላቦራቶሪው በር ላይ ስትደርስ በሩ ተቆልፏል፤ ቁልፍ የሚይዘው ዘበኛ አልመጣም። ዝናቡ ያለ ርኅራኄ ይወርዳል። ከበሩ በላይ ያለው ክፈፍ ደግሞ ጫማ ያስጠልል እንደሆነ እንጂ ሰው አያስጠልልም።

ጥቂት ቆይቶ አንድ ሽማግሌ መጡ። ግራጫ ካፖርት ለብሰዋል፤ ጫማቸው ተወልውሏል፤ የያዙት ጃንጥላ አንድ ዘንጉ ተሰብሯል። ጃንጥላውን ከራሷ በላይ ያዙላት። የሳቸው ግራ ትከሻ ውጭ ቀርቶ ይረጥብ ጀመር።

«ይጠጉ እንጂ፣ እየረጠቡ እኮ ነው» አለቻቸው።

«ተይው ልጄ፣ ይሄ ትከሻ ለምዶታል። ዘበኛችን ዝናብ ሲጥል እንቅልፍ ይጥመዋል፤ እኛ ደግሞ እሱ እስኪጠግብ እንጠብቃለን። ለምርመራ ነው የመጣሽው?»

ለሥራ ነው አለቻቸው። ሽማግሌው ፊታቸው ፈካ። ይህ ቤት ሰው መቅጠሩን ትቶ ማሽን ብቻ የሚቀጥር መስሏቸው እንደነበር ነገሯት። እንዲያውም ዛሬ አንድ ኮምፒውተር ነካኪ ይመጣል ተብሏል፤ ለበሽተኛ በራሱ ጊዜ ኢሜይል የሚጽፍ ነገር ሊተክል። ሰው ክፉ ወሬ ከሰው ሲሰማ እንኳ ይከብደዋል፤ ከሳጥን ሲሰማማ እንዴት ይሆናል ብለው ጠየቋት።

«እርስዎ ታዲያ እዚህ ምን ይሠራሉ?» አለች።

«እኔማ ያ ሳጥን ሊሠራው ያሰበውን ነው የምሠራው። ለበሽተኞች ውጤታቸውን የምጽፈው እኔ ነኝ። ፖስተኛው ይሉኛል፤ ቦርሳ ግን አልሰጡኝም።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻቸው። እኚህን ሰው በመልክ ባታውቃቸውም በጽሑፋቸው ታውቃቸዋለች።

አባቷ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ኩላሊቱን ከታመመ ወዲህ ደሙን በየጊዜው ለምርመራ ለዚሁ ላቦራቶሪ ይሰጥ ነበር። ኢሜይል መክፈት ያስተማረችው እሷ ናት። ኮምፒውተሩ ፊት ከመቀመጡ በፊት እጁን ይታጠባል፤ ፊደሎቹን በሁለት ጣቱ እየፈለገ፣ ያገኘውን ሁሉ እንዳያመልጠው ጫን እያደረገ ይጽፋል። ለመጨረሻ ጊዜ ደሙን የሰጠው ሐሙስ ዕለት ነው። ውጤቱ አርብ ከሰዓት በኋላ ወጣ። በደሙ ውስጥ ፖታሲየም የሚባለው ጨው ልብ ሊያቆም እስኪችል ከፍ ብሎ ነበር። ሆስፒታል ቢደርስ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይወርድለት ነበር። ኢሜይሉ ግን የገባው ሰኞ ጠዋት ነው። አባቷ እሁድ ጎህ ሲቀድ አልጋው ላይ እንዳለ አርፏል።

ከለቅሶው በኋላ አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳት። አርብ የወጣ ነገር እስከ ሰኞ የት ቆየ? ያን ጊዜ በአንድ ማተሚያ ቤት ወረቀት ትቆርጥ ነበር፤ ኮድ የሚባል ነገር አታውቅም። ከተዋሰችው መጽሐፍም፣ ከኢንተርኔትም እየለቃቀመች፣ እየወደቀች እየተነሳች ለብቻዋ ተማረች። ላቦራቶሪው የምርመራ ውጤትን በዌብሳይቱ በኩል በራሱ የሚልክ ሥርዓት የሚያዘጋጅ ሰው እንደሚፈልግ ማስታወቂያ ሲያወጣ ማመልከቻዋን አስገባች። እናቷ «ሄደሽ ቁስልሽን ልትነካኪ ነው?» አለቻት። በልቧ ግን ያንን የሰኞ ኢሜይል የጻፈውን ሰው እግሩን ጠረጴዛ ላይ ሰቅሎ የሚያዛጋ ሰነፍ አድርጋ ስላው፣ ለእሱ የምትለውን ሁሉ አዘጋጅታ ነበር። አሁን አጠገቧ የቆሙት ግን ለማያውቋት ሴት ልጅ ብለው ትከሻቸውን ለዝናብ የሰጡ ሽማግሌ ናቸው። ያዘጋጀችውን ንግግር ተወችው።

«ያቺ ነካኪ እኔ ነኝ፣ ጋሼ» ብቻ አለች።

ሽማግሌው ዘወር ብለው ከላይ እስከ ታች አዩዋት። ጃንጥላውን አላራቁም።

«እንግዲያው በደንብ ተጠለይ» አሉ። «በጉንፋን ብትወድቂ፣ ማሽን ጠልቶ ልጅቷን በዝናብ አስደበደባት ይሉኛል።»

የሥራ ክፍላቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ የጠረጴዛ ስልክ፣ ወደ መኪና ማቆሚያው የሚያሳይ መስኮት አለው። ከግድግዳው ወዲያ ደም የሚያሽከረክረው ማሽን ያለማቋረጥ ያጉረመርማል፤ ኮሪደሩ አልኮል አልኮል ይሸታል። ልጅቷ ከሽማግሌው ፊት ለፊት ያለው ጠረጴዛ ተሰጣት። ሥራ አስኪያጇ ሁለቱን አስተዋውቃ፣ የሚላከው ነገር መልኩም ሰዓቱም ሁለታችሁ የተስማማችሁበት ይሁን፤ ፖስተኛው ሳይፈርሙበት አይከፈትም ብላ ሄደች።

ልጅቷ የሽማግሌውን አሠራር ቁጭ ብላ አየች። የላቦራቶሪው ሐኪም አንድ ውጤት ላይ ሲፈርም በሳቸው ኮምፒውተር ላይ ይታያል። መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው ያደርጋሉ፤ ያነባሉ፤ ከዚያ ለሰውየው በስሙ ይጽፋሉ። ደህና ውጤት ከሆነ ቶሎ ያልቃል። ክፉ ከሆነ ግን ይነሱና መስኮቱ ጋ ይቆማሉ፤ ቃሉ እስኪመጣላቸው መኪኖቹን ያያሉ። ወረፋው ከኋላቸው ይረዝማል።

«እስቲ ንገሪኝ» አሏት በሁለተኛው ቀን፤ «ይሄ ያንቺ ሳጥን እንዴት አድርጎ ነው የሚልከው?»

«ሐኪሙ ሲፈርም ዌብሳይቱ ያውቃል፣ ጋሼ። መልእክቱን አዘጋጅቶ ወረፋ ውስጥ ያስገባዋል፤ ከወረፋው አንድ በአንድ እየተነሳ ይሄዳል። መንገድ ላይ ቢሰናከል ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይሞክራል። አድራሻው ከተሳሳተ ይመለስና አልደረሰም ብሎ ለእኛ ይነግረናል።»

«ደጋግሞ ሲሞክር አይሰለቸውም?»

«አይሰለቸውም።»

«እኔም እኮ አልሰለቸኝም» አሉ ሽማግሌው፣ ቀስ ብለው።

ያዘጋጀችውን የመልእክት ረቂቅ አሳየቻቸው። «ውጤትዎ ደርሷል። ለማየት እዚህ ይጫኑ» ይላል። ሽማግሌው ደጋግመው አነበቡት።

«እዚህ ይጫኑ? ሊፍት ነው እንዴ? ሰውየው ሌሊቱን ሲገላበጥ ያደረ ነው፤ ደህና አደሩ እንኳ አይባልም?»

ልጅቷ ሳታስበው ሳቀች። ደህና አደሩ ማለት ለማሽን ምንም እንደማይከብደው፣ የሚለውን የሚሰጡት እነሱ እንደሆኑ ነገረቻቸው። ሽማግሌው ግን ሌላም አላቸው። ባልና ሚስት በአንድ ኢሜይል የሚጠቀሙ አሉ፤ በልጃቸው አድራሻ የሚጠቀሙ አሮጊቶች አሉ። ማሽኑ የሰውየውን ገበና ለቤተሰቡ ሁሉ አውጥቶ ቢዘረግፈውስ? እውነቱን ለመናገር ይህ ከንቱ ክርክር አልነበረም። አዲስ ነገር የሚጠላ ሰው ሁሉ አያስብም ማለት አይደለም፤ አንዳንዱ አሮጌውን የያዘው ከማንም ይልቅ ስላሰበበት ነው። ልጅቷ ይህን አምና ተቀበለች። ኢሜይሉ ውጤቱን ራሱን እንዳይዝ፣ መውጣቱንና አስቸኳይ መሆን አለመሆኑን ብቻ እንዲናገር፣ ቀሪውን ሰውየው በራሱ የይለፍ ቃል ገብቶ እንዲያይ አደረገችው። ሽማግሌው ጢማቸውን ዳበሱ። መስማማት የጀመሩ ይመስሉ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ግን ልጅቷ የፈራችው ነገር መጣ።

«እሺ፣ አሸነፍሽኝ እንበል» አሉ። «አንድ ነገር ብቻ ለሳጥንሽ አስተምሪልኝ። አርብ ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ ክፉ ውጤት አይላክም። ይያዝና ሰኞ ጠዋት ይሂድ። ይህን ካስገባሽልኝ ዛሬውኑ እፈርምልሻለሁ።»

ልጅቷ እጇን ከኪቦርዱ አነሳች። «ለምን አርብ?» አለች፣ ድምጿን እየጠበቀች።

ሽማግሌው ወንበራቸውን ወደ እሷ አዞሩ። ድሮ፣ ገና ሥራውን ሲጀምሩ፣ ለአንዲት ባሏ ለሞተባት ሴት አርብ ማታ ክፉ ውጤት ጽፈው ነበር። ሴትዮዋ ወደ ሐኪሟ ብትደውል ክሊኒኩ ተዘግቷል። ሁለት ሌሊት ወጥ ቤቷ ውስጥ ቁጭ ብላ አነጋች። ሰኞ ሐኪሟን ስታገኘው፣ ይድናል፣ መድኃኒት አለው አላት። ከዚያ እዚህ ድረስ መጥታ፣ ይህን በር ከፍታ፣ አልጮኸችም፤ «ሁለት ሌሊት ወሰዱብኝ፤ ማን ይመልስልኛል?» ብቻ አለቻቸው።

«ከዚያ ቀን ጀምሮ» አሉ ሽማግሌው፣ «አርብ ከአሥር ሰዓት በኋላ ለበሽተኛው ሐኪም እደውላለሁ። ካላነሳ፣ ለበሽተኛው ሰኞ ነው። ሐኪም ሳይኖር ክፉ ወሬ ማቀበል ሰውን ጨለማ ቤት ውስጥ መቆለፍ ነው። ቢያንስ ቅዳሜና እሁድን በሰላም ይዋል። ይሄ ስንፍና አይደለም ልጄ፣ ርኅራኄ ነው።»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ሰነፍ ቢሆኑ እንዴት በቀለላት። ለካ አባቷ በርኅራኄ ነው የሞተው። እንባዋ ሲመጣ ተሰማት፤ ውሃ ልጠጣ ብላ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። መናገር ትችል ነበር። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብትላቸው ክርክሩ በዚያው ያበቃል። ግን በሞተ አባት ሰው መምታት ክርክር መስሎ አልታያትም፤ በሐሳብ ልትረታቸው ፈለገች። ተመልሳ ገብታ፣ ይህን አላስገባም አለቻቸው።

«ምክንያት?»

«ዝም ማለትም መልእክት ስለሆነ ነው፣ ጋሼ። ምንም ያልደረሰው ሰው ምንም የለብኝም ብሎ ያስባል።»

«ወይም ደግሞ ገና አልወጣም ብሎ ይጠብቃል» አሉ ሽማግሌው። «አንቺ ወጣት ነሽ፤ ክፉ ወሬ ይዞ መቀመጥ ምን እንደሆነ አታውቂውም።»

ያን ቀን ሳይስማሙ ተለያዩ።

በማግስቱ አርብ ነው። ከቀኑ አሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ የላቦራቶሪ ቴክኒሻኑ በሩን ገፋ አድርጎ አንገቱን አስገባ። የአንዲት የኩላሊት ሕመምተኛ ፖታሲየም በጣም ከፍ ብሎ ስለወጣ ማሽኑ ተሳስቶ እንዳይሆን እንደገና እያሠራው መሆኑን፣ ማረጋገጫው አመሻሽ ላይ እንደሚወጣ፣ ተረኛዋ ሐኪም ከቤቷ ሆና እንደምትፈርም ነግሯቸው ተመለሰ። ሽማግሌው ወዲያው ስልኩን አንስተው ወደ ሴትዮዋ ክሊኒክ ደወሉ። ጠራ፤ ጠራ። የሚያነሳ የለም። የበሽተኞች ስልክ በዌብሳይቱ ላይ አይሞላም፤ ያላቸው ኢሜይሏ ብቻ ነው። ስልኩን በቀስታ መልሰው አስቀመጡት።

«እንግዲህ ሰኞ ነው» አሉ፣ ካፖርታቸውን እያነሱ።

«ጋሼ፣ አይሂዱ» አለች ልጅቷ።

ድምጿ ሌላ ነበር። ሽማግሌው ካፖርቱን እንደያዙ ቆሙ።

«አባቴ ደሙን እዚህ ነበር የሚሰጠው። ኩላሊቱን ነበር የታመመው። አርብ ከሰዓት ውጤቱ ወጣ። ቅዳሜ ጠዋት እጁን ታጥቦ ኢሜይሉን ከፈተ፤ ምንም የለም። ቀትር ላይ ከፈተ፤ ምንም የለም። ከዚያ እየሳቀ፣ ክፉ ቢሆን ኖሮ ይጽፉልኝ ነበር፤ እነዚህ ሰዎች ጨዋ ናቸው አለን። እኛም ደስ አለን። ያን ማታ እንደ ደህና ሰው በላ፣ ለኩላሊቱ የተከለከለውን የብርቱካን ጭማቂ ጠጣ። እሁድ ጎህ ሲቀድ አረፈ። መልእክትዎ የገባው ሰኞ ነው።»

ከግድግዳው ወዲያ ያለው ማሽን ያጉረመርማል። ሽማግሌው ወንበሩን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ።

«የቧንቧ ሠራተኛው» አሉ።

«አዎ።»

«ይመልሱልኝ ነበር። ውጤት በጻፍኩላቸው ቁጥር፣ ፊደሉ እየተደጋገመባቸውም ቢሆን፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ የቧንቧ ሠራተኛው ብለው ይመልሱልኝ ነበር። ለዚያኛው አልመለሱም። ሐኪም ቀይረው ይሆናል፣ ደህና ቢሆኑ ነው አልኩና ተውኩት።» ወደ እሷ ዞሩ። «ሰኞ የጻፍኩትን ማን አነበበው?»

«እኔ ነኝ ያነበብኩት።»

«ምን ብዬ ነበር?»

ልጅቷ ቃል በቃል ታውቀዋለች። «የተከበሩ አባታችን፣ እንደምን አደሩ። ውጤትዎ ወጥቷል። ከኩላሊትዎ ጋር የተያያዘ አስቸኳይ ነገር ስለታየ፣ ይህን እንዳነበቡ ከቤተሰብዎ አንድ ሰው አስከትለው ወደ ቅርብ ሆስፒታል ይሂዱ። አይደንግጡ፤ በጊዜ ከተደረሰበት የሚስተካከል ነው። እኛም እናስብዎታለን» አለች። ከዚያ እንባዋን በእጇ ጠርጋ፣ «ጥሩ መልእክት ነበር፣ ጋሼ። አባቴን ማንም እንደዚያ አክብሮ ጽፎለት አያውቅም» አለች።

ሽማግሌው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ልጅቷ አላባበለቻቸውም፣ አልወቀሰቻቸውምም፤ አጠገባቸው ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሰው የሠራው ሁሉ ከክፋት ቢሆን መታረሙ ቀላል ነበር፤ ክፉውን ጥሎ መልካሙን መያዝ ነው። መልካም ልብ ሲሳሳት ግን ማን ደፍሮ ይነግረዋል? አርባ ጊዜ የተመሰገነበትን ነገር እንዴት አድርጎ ይጠረጥረዋል?

«ዛሬ አልሄድም» አሉ በመጨረሻ። «ይቺ ሴት ውጤቷ እስኪወጣ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። እንደተፈረመ በእጄ እጽፍላታለሁ።»

«ዛሬ ይጠብቃሉ፣ ጋሼ። የሚመጣው አርብስ? አውቶቡስ ቢያመልጥዎት፣ ቢታመሙ፣ የልጅ ልጅ ቢዳሩስ? ርኅራኄዎ በአንድ ሰው እግር ላይ ብቻ መቆም የለበትም። ማሽኑ ልብ የለውም፤ እውነትዎን ነው። ግን ልብ ያለው ሰው አስቀድሞ የጻፈውን ቃል ይዞ መሮጥ ይችላል። ቃሉ የእርስዎ ይሁን፣ ሩጫው የእሱ።»

«ያቺ የሁለት ሌሊቷ ሴትዮስ? እሷንስ ምን እንበላት?»

«ብቻዋን የቀረችው መልእክቱ ስለደረሳት አይደለም፤ የት እንደምትሄድ ስላልነገራት ነው። ክሊኒክ ሲዘጋ የማይዘጉ ሆስፒታሎች አሉ። እሱን እንጻፍላት፤ ስልካቸውንም ከሥሩ እናድርግላት።»

ሽማግሌው ካፖርታቸውን መልሰው ሰቀሉ። ከዚያ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉ።

«እፈርማለሁ። ያለ አርብ። አሁኑኑ ክፈቺው።»

«አሁንማ አይሆንም» አለች ልጅቷ። «እስካሁን በሙከራ ላይ ነው፤ የሚልከው ሁሉ የእኔ የሙከራ ሳጥን ውስጥ ነው የሚገባው። እኛ ኮድ የምንጽፍ ሰዎች ደግሞ አርብ አዲስ ነገር አንከፍትም። ቢበላሽ ቅዳሜና እሁድ የሚያስተካክል ሰው የለም፤ ስለዚህ ጥንቃቄ ብለን ሰኞ ...»

ቃሉ አፏ ውስጥ ቀረ። ሽማግሌው አልሳቁባትም። እሷም አርብ ነበራት። ከመጽሐፍ ያገኘችው፣ አስተዋይ ሰዎች ሁሉ የሚስማሙበት፣ ማንም የማይነቅፈው አርብ።

«አየሽ፣ ሁላችንም አለን» አሉ ሽማግሌው፣ እንደ አባት። «በይ፣ ሰኞሽን ተይውና ሥሪ። ቢበላሽ አብረን እንቆማለን።»

ሥራ አስኪያጇ ጋ ደውለው አስፈቀዱ። ልጅቷ የሙከራውን በር ዘጋች፣ እውነተኛውን ከፈተች። ሽማግሌው በሁለተኛው ኮምፒውተር ላይ የአስቸኳዩን መልእክት ቃል ይጽፋሉ፤ ይሰርዛሉ፤ መስኮቱ ጋ ይሄዳሉ። መጨረሻ ላይ፣ «የዚያን ሰኞውን ስጪኝ፤ ከሱ የተሻለ አልመጣልኝም» አሏት። ሰጠቻቸው። በ«አባታችን» ፋንታ የበሽተኛው ስም፣ በ«እንደምን አደሩ» ፋንታ «ጤና ይስጥልኝ» እንዲገባ አድርገው፣ የኩላሊቱን ነገር አውጥተው፣ ሌሊትና በዓል የማይዘጉትን ሆስፒታሎች ስልክ ከሥሩ ጨመሩ። የመጀመሪያውን ለመሞከር ወደ ራሳቸው ኢሜይል አስላኩት። አልገባም። ፈልገው ፈልገው ያገኙት አይፈለጌ መልእክት የሚጣልበት ክፍል ውስጥ ነው፣ ከሎተሪ ደርሶዎታል ባዮች ጋር።

«እስቲ እይው፣ እኔንም ከአጭበርባሪ ጋር አሰሩኝ» አሉ ሽማግሌው።

ነገሩ የማኅተም ጉዳይ ነበር። የሚቀበለው ወገን መልእክቱ በእርግጥ ከላቦራቶሪው መምጣቱን የሚያረጋግጥበት ምልክት በላቦራቶሪው የኢንተርኔት አድራሻ ላይ መመዝገብ ነበረበት፤ ልጅቷ ይህን ለሰኞ አቆይታው ነበር። መዘገበችው። እስኪሰራጭ ጠበቁ። ከዚያ ደግማ ላከች። የሽማግሌው ስልክ ኪሳቸው ውስጥ ጮኸ፤ አውጥተው የራሳቸውን ቃል አነበቡ።

ፀሐይዋ ከመኪና ማቆሚያው ላይ ልትጠልቅ ስትል ተረኛዋ ሐኪም ፈረመች። ሁለቱም እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው የኮምፒውተሩን ማያ ያያሉ። ማንም ምንም ሳይነካ በሴትዮዋ ስም አጠገብ «ተልኳል» የሚል ቃል መጣ። ቀጥሎም ሴትዮዋ ገብታ ውጤቷን ማየቷን ዌብሳይቱ አሳየ። ብዙም ሳይቆይ መልስ መጣ፤ «ደርሶኛል፤ እህቴ እየወሰደችኝ ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ» ይላል። ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ፤ ግን አልጠረጉትም።

ልጅቷ ደስ ይለኛል ብላ ነበር። ደስ ግን አላላትም። ይህን ያህል ቀላል ነገር ነበር ለካ። አውቶቡስ ውስጥ መስኮቱን ተደግፋ እስከ ቤቷ አለቀሰች፤ እናቷ በሩን ከፍታ ስታያት ምን ሆንሽ አላለቻትም፤ ፎጣ ሰጠቻት።

ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጇ ሁለቱንም አስጠርታ፣ ፖስተኛው እንዴት ተረቱ ብላ ቀለደች። ሽማግሌው ቆመው፣ እንደ ምስክር፣ አንድ በአንድ ነገሯት። እሳቸው ቢታመሙም መልእክቱ እንደማይታመም፤ ሐኪሙ በፈረመበት ደቂቃ እንደሚሄድ፤ ቢሰናከል እንደገና እንደሚሞክር፤ ያልደረሰው ማን እንደሆነ እንደሚታወቅና ለዚያ ሰው ጊዜ እንደሚገኝ ተናገሩ። ሥራቸው አልቆ እንደሆነ ስትጠይቃቸው፣ አሁን ገና እንደተጀመረ መለሱ፤ ከዛሬ ጀምሮ መልእክቱ የተመለሰባቸውን ሰዎች አድራሻ እየፈለጉ ቤታቸው ድረስ እንደሚሄዱ ነገሯት። ቦርሳ እንዲሰጣቸውም ጠየቁ።

«አንድ ነገር ግን ይጻፍልኝ» አሉ ለመውጣት ሲነሱ። «ዝም ማለት ደግነት የሚመስለው ዝም ላለው ሰው ነው። ይህን ለማወቅ የሰው አባት ሞቶብኛል።»

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ልጅቷ ቤት መጡ፤ ልጅቷ አልጠራቻቸውም። ጃንጥላቸውን በር ላይ አስቀምጠው ከእናቷ ፊት ቆሙና፣ ያን የሰኞውን መልእክት የጻፍኩት እኔ ነኝ አሉ። እናቷ የሟች ባሏን ወንበር ወደ እሳቸው ገፋ አድርጋ፣ ይቀመጡ አለቻቸው።

ሽማግሌው በሚቀጥለው ዓመት ጡረታ ወጡ። ያቺ የኩላሊት ሕመምተኛ ሴት ዛሬም ደሟን ለማስመርመር ትመጣለች። ለአስቸኳይ ውጤት ከላቦራቶሪው የሚላከው መልእክት እስካሁን ያው ለልጅቷ አባት የተጻፈው ነው።